ፊልሙ የተቃጠለበት ሰው፦ የሮበርት ፍላኸርቲ አጭር የሕይወት ታሪክ



ሲኒማ ቤት ገብተን ስንወጣ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ተዋናዮቹ ነው። ከካሜራው በስተኋላ ቆሞ ፊልሙን ያነሣው ሰው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ነገር ግን ተራ ሰው ሲያድን፣ ቤቱን ሲሠራ፣ ልጁን ሲያሳድግ የሚታይበት ሌላ ዓይነት ፊልም አለ፤ ዘጋቢ ፊልም ወይም ዶኩመንታሪ ይባላል። ዛሬ የማወጋችሁ የዚህ ፊልም አባት እየተባለ ስለሚጠራው አሜሪካዊ፣ ስለ ሮበርት ፍላኸርቲ ነው። የመምህርነት ሠልጣኝ ስለ ፊልም አንሺ ምን አገባው የሚለኝ አይጠፋም። ትንሽ ታገሡኝና እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ያን ጊዜ ትፈርዳላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማዕድን ፈላጊው ልጅ

ፍላኸርቲ የተወለደው በ1884 በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ ሀገር፣ አይረን ማውንቴን በምትባል የብረት ማዕድን ከተማ ነው። አባቱ የማዕድን ሥራ አዋቂ ነበር። ሥራው ሲቀዘቅዝ ወደ ካናዳ ተሻገረና ልጁንም ወሰደው። ስለዚህ ትንሹ ሮበርት ከትምህርት ክፍል ይልቅ በማዕድን ቆፋሪዎች ሰፈርና በጫካ ውስጥ አደገ። በትምህርቱ ጎበዝ የሚባል አልነበረም። የማዕድን ኮሌጅ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ተሰናበተ። ከኮሌጁ ያተረፈው ትልቁ ነገር ፍራንሴስ ሃባርድ ከምትባል ልጅ ጋር መተዋወቁ ነው። በ1914 ተጋቡ፤ እሷም ዕድሜ ልኩን የሥራው ተካፋይ ሆነች።

በ1910 ሰር ዊልያም ማኬንዚ የተባለ የካናዳ የባቡር ሐዲድ ባለሀብት በሃድሰን የባሕር ወሽመጥ ምሥራቃዊ ዳርቻ የብረት ማዕድን እንዲፈልግለት ላከው። አገሩ የበረዶ አገር ነው። እህል አይበቅልበትም፤ መንገድ የለም፤ የሚጓዙት ውሾች በሚጎትቱት ሸርተቴ ነው። በዚያ የሚኖሩት ቀድሞ ኤስኪሞ፣ ዛሬ ግን ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ኢኑዊት የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው። መንገድ የመሩት፣ ያበሉት፣ ከብርድ ያዳኑት እነሱ ነበሩ። ቤልቸር ወደሚባሉት ደሴቶች ደርሶ በካርታ ላይ ከተሣሉት እጅግ የሰፉ መሆናቸውን አረጋገጠ። ትልቋ ደሴት ዛሬ በስሙ ትጠራለች። ብረቱ ግን ያን ያህል የሚረባ ሆኖ አልተገኘም። ብረት ፍለጋ የሄደው ሰው ያገኘው ሰውን ነው።

እሳቱ

በ1913 ለሌላ ጉዞ ሲዘጋጅ ማኬንዚ የፊልም ማንሻ ካሜራ ይዞ ቢሄድ እንደሚሻል አሳሰበው። ፍላኸርቲ ስለ ፊልም አንዳች አያውቅም ነበር። ካሜራ ገዛና በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ የሦስት ሳምንት ትምህርት ተማረ። ሦስት ሳምንት ብቻ! በ1914 እና በ1915 የኢኑዊቶችን አደን፣ ጉዞና ኑሮ ብዙ ፊልም አነሣ።

በ1916 ቶሮንቶ ተቀምጦ ፊልሙን ሲያዘጋጅ ከእጁ ሲጋራ ወደቀ። የዚያ ዘመን ፊልም ከናይትሬት የሚሠራ ስለ ነበረ እንደ ባሩድ ነበር የሚነደው። 30,000 ጫማ፣ ማለትም ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ፊልም በአንድ ጊዜ ወደመ። እሱም ቆስሎ ሆስፒታል ገባ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣ አይኖርም ነበር። ከቃጠሎው አንድ ቅጂ ተርፎ ስለ ነበረ እሱን ለሰዎች አሳየ። ተመልካቾቹ በጨዋነት አዩለት። እሱ ግን ደጋግሞ ባየው ቁጥር እየጠላው ሄደ። በረዶው አለ፣ ውሻው አለ፣ አደኑ አለ፤ ሰው ግን የለም። አንድ መንገደኛ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ያመጣው ትርኢት እንጂ የሰው ሕይወት አልነበረም። ስለዚህ እሳቱን ማማረሩን ትቶ ሥራውን መረመረ። ተመልሼ ሄጄ አንድ ሰው ከነቤተሰቡ ይዤ፣ ዓመት ሙሉ አብሬው ኖሬ ታሪኩን እሠራለሁ ብሎ ቆረጠ።

መቁረጡ ቀላል ነው፤ ገንዘቡ ግን ከየት ይምጣ? ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር። እስከ 1920 ድረስ ደጅ ጠና። በመጨረሻ ሬቪዮን ፍሬር የተባለ የፈረንሳይ የእንስሳት ቆዳ ነጋዴ ኩባንያ ወጪውን ቻለለት።

ከናኑክ ጋር አንድ ዓመት

በኦገስት 1920 ዛሬ ኢኑክጁዋክ በምትባለው መንደር ደረሰ። የያዘው ሁለት ካሜራ፣ ፊልም ማጠቢያና ማተሚያ መሣሪያ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ እንዲሁም ፊልም ማሳያ ነበር። ማሳያውን ምን ያደርግለታል? ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ፍላኸርቲ ያነሣውን እዚያው አጥቦ ለራሳቸው ለኢኑዊቶቹ ሊያሳይ አስቦ ነው የሄደው።

ለዋናው ሰው አላካሪያላክ የሚባል የታወቀ አዳኝ መረጠ። በፊልሙ ውስጥ ናኑክ አለው፤ በቋንቋቸው ነጩ የዋልታ ድብ ማለት ነው። መጀመሪያ ያነሡት የዋልረስ አደን ነበር። ዋልረስ ሁለት ረጃጅም ጥርስ ያለው ግዙፍ የባሕር እንስሳ ነው። አዳኞቹ በጦር ወግተው ገመዱን ይዘው ሲጎትቱ፣ እንስሳው ደግሞ ወደ ባሕር ሲጎትታቸው ይታያል። ይህ ፊልም በጎጆ ውስጥ ሲታይ ከተመልካቾቹ አብዛኞቹ ፊልም አይተው የማያውቁ ነበሩ። ትግሉ ሲጦፍ እንዳያመልጥ አጥብቀው እንዲይዙት እየጮኹ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራው የእሱ ብቻ መሆኑ ቀረ። ምን ቢነሣ እንደሚሻል ሐሳብ የሚያመጡት እነሱ ሆኑ። ለፊልም ማጠቢያ የሚሆነውን ውሃ ከበረዶ ሥር እየቀዱ ያመጡለት ነበር። ካሜራው ሲበላሽም ፈታተው መልሰው ይገጥሙለት ነበር።

አንድ ችግር ግን ተነሣ። የበረዶ ጎጆው ውስጡ ጠባብና ጨለማ ስለ ሆነ ካሜራው ምንም አያነሣም። ስለዚህ ከተለመደው የሚሰፋ ጎጆ ሠርተው ግማሹን ገልጠው ተዉት። ቤተሰቡ በጎጆው ሲተኛና ሲነሣ የምናየው በዚህ በተገለጠው ቤት ውስጥ ከብርዱ ጋር እየታገለ ነው።

ፊልሙ «ናኑክ ኦፍ ዘ ኖርዝ» በሚል ስም በ1922 ኒው ዮርክ ውስጥ ታየ። ትልልቆቹ የፊልም አከፋፋዮች ይህን ማን ያያል ብለው መልሰውት ነበር። ሕዝቡ ግን ወደደው፤ በአውሮፓም በብዙ አገር ታየ። ተመልካቹ በበረዶ ውስጥ ያለውን ሰው እንደ ጉድ ሳይሆን እንደ ራሱ ያለ አባወራ አድርጎ አየው። ጊዜው አውሮፓውያን የሩቅ አገር ሰውን እንደ እንስሳ ትርኢት ያሳዩበት እንደ ነበረ ስናስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አላካሪያላክ ግን ፊልሙ ከታየ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሞተ። በረሃብ ሞተ ሲባል ኖሮ ነበር፤ ኋላ የተጻፉት ደግሞ በሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ከሳሞአ እስከ አራን

ቀጥሎ አንድ የሆሊውድ ኩባንያ ሌላ ናኑክ እንዲያመጣለት ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ፣ ወደ ሳሞአ ደሴቶች ላከው። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጦ «ሞአና»ን ሠራ። ፊልሙ በ1926 ሲወጣ ጆን ግሪርሰን የተባለ እስኮትላንዳዊ በጋዜጣ ላይ ስለሱ ሲጽፍ ዶኩመንታሪ የሚለውን ቃል ተጠቀመ። ዛሬ ዓለም ሁሉ ለዚህ ዓይነት ፊልም የሚጠቀምበት ቃል የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1934 «የአራን ሰው» ወጣ። አራን ከአየርላንድ በስተምዕራብ ያሉ ድንጋያማ ደሴቶች ናቸው። ገበሬው አፈር ስለሌለው አሸዋና የባሕር ሣር በጀርባው ተሸክሞ በዐለቱ ላይ እያነጠፈ ድንች የሚተክልበትን አፈር ራሱ ይሠራል። ይህን ያየ ሰው አይረሳውም። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ተሸለመ። የመጨረሻው ትልቅ ሥራው «የልዊዚያና ታሪክ» በ1948 ወጣ፤ ወጪውን የቻለው አንድ የነዳጅ ዘይት ኩባንያ ነበር። ፍላኸርቲ በ1951 በ67 ዓመቱ ዐረፈ። በዕድሜው የሠራቸው ትልልቅ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሌላው ገጽ

እስካሁን ያወራሁት ምስጋናውን ነው። እዚህ ላይ ባቆም ግን ፍላኸርቲ ራሱ የተወቀሰበትን ስሕተት መድገም ይሆንብኛል። በናኑክ ዘመን ኢኑዊቶች ጠመንጃ ነበራቸው፤ ከነጋዴው ጋር የቆየ ግንኙነት ነበራቸው። ፍላኸርቲ ግን በጦር እንዲያድኑ አደረገ። ናኑክ የሙዚቃ ሸክላ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ በጥርሱ ሲነክስ ይታያል፤ ይህ ለፊልሙ ተብሎ የተደረገ እንጂ አላካሪያላክ ሸክላ ምን እንደ ሆነ ጠፍቶት አይደለም። በአራን የሚታየው ትልቅ ሻርክ የማደን ሥራ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት የቀረ በመሆኑ የደሴቲቱ ሰዎች ለፊልሙ ሲሉ እንደ አዲስ ተማሩት። አባት፣ እናትና ልጅ ሆነው የሚታዩትም ከተለያየ ቤት የተመረጡ ናቸው። ሰው ከባሕር ጋር ሲታገል አሳየን እንጂ ከባለመሬት ጋር የነበረውን ጣጣ አላሳየንም ብለው የወቀሱትም አሉ። አባቶቻቸው እንዲህ ይኖሩ ነበር ብሎ ቢናገር እውነት ነበር። እነሱ ዛሬ እንዲህ ይኖራሉ ማለቱ ነው ያስወቀሰው።

ከዚህ የሚከብድም አለ። ፍላኸርቲ በ1921 ከኢኑክጁዋክ ሲመለስ አንዲት ኢኑዊት ሴት ከእሱ አርግዛ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጆሴፊ የሚባል ወንድ ልጅ ተወለደ። አባትና ልጅ ሳይተያዩ ቀሩ። በ1953 እና በ1955 የካናዳ መንግሥት ከኢኑክጁዋክ የተወሰኑ ቤተሰቦችን 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ክረምቱን በሙሉ ፀሐይ ወደማይወጣበት በረሃ አዛወራቸው። ጆሴፊ ከነቤተሰቡ በ1955 ከሄዱት አንዱ ነበር። መንግሥቱ ስለዚህ ድርጊት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው። የናኑክን ቤተሰብ ፍቅር ዓለም በሲኒማ አዳራሽ ሲያደንቅ የፊልሙ ባለቤት የገዛ ልጅ በዚያው በረዶ ውስጥ አባቱን ሳያውቅ አደገ። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ለሳምንት ያህልም ይህን ጽሑፍ ልተወው አስቤ ነበር።

እኛን ምን አገባን?

አልተውኩትም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ለማስተማር ልምምድ ወጥተን ሳለ ስለ እርሻ መሣሪያ እንዳስተምር ተመደብኩ። እኔ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ሞፈርና ቀንበር፣ እርፍና ማረሻ አሳምሬ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣልኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ሣቀ። ተናደድኩና ምን እንደሚያስቀው ጠየቅሁት። ድግሩን ረስቼዋለሁ ለካ! ድግር የሌለው ማረሻ አፈሩን ወደ ጎን አይገፋም። ጠመኔውን ሰጠሁትና መጥቶ ጨመረበት፤ ሌሎቹም ተነሥተው ምራኑ የት እንደሚታሠር አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የሁላችን ሆነ።

ፍላኸርቲ ማሳያውን ተሸክሞ በረዶ አገር የሄደው ለዚህ ነው። የሰውን ኑሮ ያነሣ ሰው ለባለቤቱ አሳይቶ ማረም አለበት። በዚህ ሲጸና ሥራው ያምራል። ይህን ትቶ የራሱን ምኞት በሰዎቹ ኑሮ ላይ ሲጭን ደግሞ ያሳስታል። እኛም ነገ በየአካባቢው ስንመደብ ስለማናውቀው አገርና ሕዝብ በልጆቹ ፊት እንናገራለን። የምንሥለውን ሥዕል ልጆቹ እንደ እውነት ይቀበሉታል። ሥራችን ቢቃጠል እንደ ፍላኸርቲ ቁስላችንን ይዘን እንደገና እንጀምር። ጠመኔውንም ለሚያውቀው እንስጥ። አንድ ቦታ ሠርተን ስንሄድ ግን ከኋላችን የምንተወውን ሰው ዞር ብለን እንይ፤ እሱ ይህን አላደረገም።