የናርጋ ሥላሴ አሠሪ እቴጌ ምንትዋብ

ጣና በዳርቻውና በደሴቶቹ ብዙ የታሪክ ቅርስ ይዞ የሚኖር ሐይቅ ነው። እኛ የባሕር ዳር ተማሪዎች ግን ውኃውን በየቀኑ ስለምናየው፥ በማዶው ስላለው ነገር ሳንጠይቅ የምናድግ ብዙዎች ነን። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት፥ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን፥ በጎንደርም ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩትን የእቴጌ ምንትዋብን ታሪክ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት ከጣና በስተምዕራብ በሚገኘው በቋራ አገር ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው፤ ምንትዋብ የሚለው ስም ደግሞ ውበታቸውን የሚያደንቅ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው በቋራ ሲዘዋወሩ ታመው ከአንድ ቤት ዐረፉ፤ በዚያ ያስታመመቻቸውን ልጃገረድም በኋላ አገቧት።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ሕፃኑ ዳግማዊ ኢያሱ ተብሎ ነገሠ። እናቱም ብርሃን ሞገሳ በሚል ስመ መንግሥት ዘውድ ጭነው፥ ከልጃቸው ጋር አገር ያስተዳድሩ ጀመር። ይህ ግን ሁሉንም ደስ አላሰኘም። በ1725 ዓ.ም. ዐመፀኞች ሌላ ንጉሥ አንግሠው ቤተ መንግሥቱን ወጉ። እቴጌይቱ በወንድማቸው በወልደ ልዑልና በታመኑ መኳንንት ረዳትነት ጸንተው ዙፋኑን አተረፉ።

ከዚህ በኋላ ሐሳባቸውን ወደ ሕንፃ ሥራ መለሱ። ዐፄ ፋሲል በመሠረቱት ግቢ ውስጥ የራሳቸውን ግንብ አሠሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አንጸው፥ እመቤታችን በስደቷ ጊዜ ባረፈችበት በግብፁ ቦታ ስም ቁስቋም አሉት። በደቅ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ደግሞ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። ክብ ሆኖ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ከሥዕሎቹም መካከል እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ።

ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞቱ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ። የኢዮአስ እናት ውቢት የኦሮሞ ባላባት ልጅ ነበሩ። ይህ ጋብቻ ሁለት ወገኖችን ያስታርቃል የተባለ ቢሆንም፥ የቋራና የውቢት ዘመዶች በሥልጣን ተፎካከሩ። ወልደ ልዑል በ1759 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ጠቡን የሚያበርድ ጠፋ። ኃይለኛው የትግሬ ገዢ ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደር ገብተው በ1761 ዓ.ም. ወጣቱን ንጉሥ አስገደሉ። ባላቸውንና ልጃቸውን የቀበሩት እቴጌ የልጅ ልጃቸውንም አጡ።

ከዚያ ወዲያ ኑሯቸው በቁስቋም በኀዘን ሆነ። ሆኖም ደጃቸውን ለእንግዳ አልዘጉም። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው የስኮትላንድ ሰው ጀምስ ብሩስ በቁስቋም ተቀምጦ፥ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ልጆች አስታመመ። እቴጌይቱ በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዐፅማቸውም ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር በዚያው በቁስቋም ይገኛል።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ጠፋ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደገና ሲሠራ፥ ቤተ መንግሥቱ ግን ፍርስራሹ ብቻ ቀረ። ናርጋን ውኃው ጠበቀው። ዛሬ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዞ መጎብኘት ይቻላል። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም፤ ሴት ንግሥት ያሠሩት ናርጋ ግን እኅቶቻችንንም ይቀበላል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። በጋብቻና በጦር የተደገፈው ሥልጣን ከእቴጌይቱ ዕድሜ ቀድሞ ፈረሰ፤ በእጅ ጥበብ የተሠራው ግን ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ቆሟል። ሁለተኛው ደግሞ ውኃው ከእሳት ያዳነውን ሥዕል ጎብኚ በእጁ ቢዳስሰው መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው፥ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን መርተው ናርጋን እንዲያዩ እንለምናለን፤ እኛም አይተን ለታናናሾቻችን በደኅና እናስረክበው።