የሌንሱ አባት ዮሴፍ ፔትስቫል

የጥንት ሌንስ መሰብሰብ የሚወዱ ሰዎች በናስ ቀፎ የታሰረ አንድ አሮጌ ሌንስ ሲያገኙ ደስታቸው ወሰን የለውም። በዚህ ሌንስ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው ፊቱ ጠርቶ ይታያል፤ ከበስተኋላው ያለው ቅጠል ግን እንደ ውሃ አዙሪት በዙሪያው የሚሽከረከር ይመስላል። ሌንሱን ያሰበው ሰው መነጽር ሠሪ ሳይሆን የሒሳብ መምህር ነበር። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

ዮሴፍ ፔትስቫል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1807 ዓ.ም. ዛሬ ስሎቫኪያ በምትባለው አገር፣ ስፒሽስካ ቤላ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ መምህር ነበር። ልጁም ምሕንድስና ተምሮ የከተማ መሐንዲስ ሆኖ ካገለገለ በኋላ በ1837 ዓ.ም. በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1839 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ዳጌር የፎቶግራፍ ጥበቡ ለዓለም ሲገለጥለት፣ የጊዜው ሌንስ የሚያስገባው ብርሃን ጥቂት ስለ ነበረ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ብዙ ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ፔትስቫል ይህን ችግር በሒሳብ ሊፈታው ተነሣ። ስሌቱ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ መስፍኑ ሉድቪግ ሒሳብ የሚያውቁ መድፈኞች ሰጥተው ረዱት። በ1840 ዓ.ም. አራት መስተዋቶች ያሉት ሌንስ ተፈጸመ። ይህም ከቀድሞው ከአሥር እጥፍ በላይ ብርሃን የሚያስገባ ነበር። እርግጥ ነው፣ ምስሉ በመካከሉ ቢጠራም ወደ ዳር ይደበዝዛል፤ ነገር ግን የሰውን ፊት ለማንሣት ዳሩ አያስፈልግም። ያ የዳር ጉድለት ነው ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሹት ውበት የሆነው።

ሌንሱን ሠርቶ የሸጠው የቪየናው መነጽር ሠሪ ፔተር ፎይግትሌንደር ነው። እርሱም ለፔትስቫል አንድ ጊዜ ብቻ 2000 ጕልደን ከፈለው። በመካከላቸው የጸና ውል ስላልነበረ፣ ሌንሱ በብዙ ሺህ ሲሸጥ የስሌቱ ባለቤት ከትርፉ ድርሻ አላገኘም። የፓሪስና የለንደን ሠሪዎችም እየቀዱ ሸጡት። ሁለቱ ሰዎች ተጣሉ፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ሌቦች የፔትስቫልን ቤት ሰብረው ገቡና ብዙ ዘመን የደከመበት የእጅ ጽሑፍ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ከሰው እየራቀ ኖሮ በ1891 ዓ.ም. በቪየና ሞተ።

ከዚህ ታሪክ እኛ ወጣቶች የምንማረው አለ። ዕውቀት ብቻውን ባለቤቱን አይጠብቅም። ሥራውን በጊዜው የማያሳትም፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ የማያጸና ሰው ድካሙን ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል። ፔትስቫል ገንዘቡን አጣ፤ ስሙን ግን አላጣም። ሰብሳቢዎች ሌንሱን በእጃቸው ይዘው በናሱ ላይ የሚያነቡት የፎይግትሌንደርን ስምና የሌንሱን ቍጥር ነው፤ ዕድሜውንም የሚገምቱት ከቍጥሩ ነው። ሌንሱን ሲጠሩት ግን ሁሉም ፔትስቫል ይሉታል።