እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የአባቶች ጥበብ

በእንጦጦ ተራራ ላይ የምትገኘው የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የዳግማዊ ምኒልክ ሥርዓተ ንግሥ የተፈጸመባት ስፍራ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል እቴጌ ተባሉ። የእኒህ ሴት ታላቅነት ግን ከዘውዱ አስቀድሞ የነበረ ነው።

ጣይቱ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ናቸው። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ እምብዛም ባልተለመደበት ዘመን አማርኛና ግዕዝ ተማሩ። አሥር አውታር ያለውን በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። እንዲህ ያለው የአባቶች ጥበብ ለመዝናኛ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ቃልን መመርመርን፣ ከሰሙ በታች ወርቁን መፈለግን ያስተምራል።

ይህም ትምህርት ለአገር የሚያስፈልግበት ቀን መጣ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ይናገር ነበር። በአማርኛው፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራት ጉዳይ ብትፈቅድ በኢጣልያ መጠቀም ትችላለች፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታዋ ነው። በአንድ ግሥ ልዩነት የአገር ነጻነት ሊጠፋ ሆነ። መልእክተኛው አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. ስለዚሁ ሲከራከር፣ እቴጌይቱ በብርቱ ተቃወሙት። ምኒልክም በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ።

ጦርነቱ በመጣ ጊዜ እቴጌይቱ አብረው ዘመቱ። በመቀሌ ምሽግ የነበረው ጠላት ከምንጩ እንዲለይ መከሩ፤ ምሽጉም በውሃ ጥም ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊዎቻችን ይህን አዲስ ታሪክ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ሣሉት። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ሆኖ ይረዳል፤ የወገን ፊት ሙሉ ሆኖ ሲታይ፣ ጠላት በአንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል፤ ጣይቱም ከሠራዊቱ መካከል አሉ።

እቴጌ ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ማርያም ሄዱ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እስኪያርፉም በዚያው ኖሩ። ዛሬ ዐፅማቸው በበዓታ ከባለቤታቸው አጠገብ ይገኛል።

እኛም ተማሪዎች የግዕዙንና የበገናውን ትምህርት ያለፈበት ነው ብለን አንናቀው። ቃልን በሚገባ የማይመረምር ሕዝብ በማያውቀው ውል ሊታሰር ይችላልና።