ሥራ ያጡት የኤኮኖሚ ዶክተር

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ሴዲ ታነር ሞሰል የተባሉ የ23 ዓመት ወጣት በፊላዴልፍያ ከሚገኘው የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ በኤኮኖሚ ትምህርት የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በዚህ ትምህርት ከዚህ ማዕረግ የደረሰ ጥቁር አሜሪካዊ ከእሳቸው በፊት አልነበረም።

የተወለዱት እዚያው ፊላዴልፍያ ነው። ወገናቸው የተማረ ነበር፤ አያታቸው ጳጳስ፣ አጎታቸው ሄንሪ ታነርም በፓሪስ የታወቁ ሠዓሊ ነበሩ። አባታቸው ግን ሴዲ ገና ሕፃን ሳሉ ቤቱን ጥለው ሄዱ።

ለማዕረጉ ያቀረቡት ጥናት ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከደቡብ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ከጎረፉት ጥቁሮች መካከል በከተማቸው የሰፈሩትን 100 ቤተ ሰቦች መረጡ። ደመወዛቸው ስንት ነው? ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ፣ ለልብስ ምን ያህል ያወጣሉ? ይህን ሁሉ ቤት ለቤት ጠይቀው መዘገቡ። ሌላው በወሬ ሲፈርድ እሳቸው በቁጥር ተናገሩ።

ታዲያ ይህን ያህል የተማረ ሰው ምን ሥራ አገኘ? እኔም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙ ጊዜዬ አይደለምና ይህን ሳነብ ግድግዳ ላይ የሰቀልሁትን ዲፕሎማ ቀና ብዬ አየሁት። ጥቁር ሴት ኤኮኖሚ እንድታስተምር በሩን የከፈተላቸው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ስለዚህ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ወርደው፣ በደርሃም ከተማ ጥቁሮች ባቋቋሙት የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ በሒሳብ ረዳትነት ሁለት ዓመት ሠሩ። በ1923 ዓ.ም. ጠበቃውን ሬይመንድ አሌክሳንደርን አግብተው ተመለሱ። አንድ ዓመት ያህል በቤት እመቤትነት ቢቀመጡ አልሆነላቸውም፤ እንደ ገና ተማሪ ሆነው ሕግ ጀመሩ። በ1927 ዓ.ም. ጨርሰው ከባላቸው ጋር ጥብቅና ቆሙ።

ኤኮኖሚውን ግን ጨርሰው አልተዉትም። በ1930 ዓ.ም. ኦፖርቹኒቲ በተባለው መጽሔት ስለ ጥቁር ሴቶች ሥራ ጽፈው፣ ሴት ከቤት ውጭ ሠርታ የምታስገኘው ለአገርም ሀብት መሆኑን አስረዱ። በኋላም መንግሥት ለሚሻ ሁሉ ሥራ እንዲገኝ ያድርግ እያሉ በየመድረኩ ተከራከሩ። ሥራ አጥነት ሲበዛ ነጩ ሠራተኛ ጥቁሩን እንደ ጠላት ያየዋል የሚል ነበር ሐሳባቸው። በ1946 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትሩማን ባቋቋሙት የሲቪል መብቶች ኮሚቴ አባል ሆኑ።

የአሜሪካ ጥቁር ኤኮኖሚስቶች የራሳቸውን ማኅበር የጀመሩት በ1969 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሴዲ የ71 ዓመት አዛውንት ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. ሲያርፉም ይበልጡን የሚታወቁት በጠበቃነታቸው ነበር። ስለ ኤኮኖሚ ያደረጓቸው ንግግሮች በኤኮኖሚስቷ በኒና ባንክስ ተሰባስበው በመጽሐፍ የወጡት በ2021 ዓ.ም.፣ ዶክተር በሆኑ በ100ኛው ዓመት ነው።