በሄንሪ ጎዳና የኖረችው ነርስ

ሕግ ስማር መብት የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት እንጃ። መብቱን የሚያስከብር ሰው ግን መጀመሪያ ከአልጋው መነሳት አለበት። ይህን ሳስብ ትዝ የምትለኝ አሜሪካዊቷ ነርስ ሊሊያን ዋልድ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1867 ሲንሲናቲ ከተማ፣ ደህና ኑሮ ካለው የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በ1891 ኒውዮርክ ውስጥ በነርስነት ተመርቃ፣ ሐኪም ለመሆን ትምህርት ጀምራ ነበር። በ1893 በሎወር ኢስት ሳይድ ለስደተኛ እናቶች የሕመምተኛ አያያዝ ስታስተምር አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷ መታመሟን ልትነግራት መጣች። ተከትላት ሄደች። ሰባት ነፍስ በሁለት ክፍል፣ ያውም ከደባሎች ጋር። (ደባል ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አላስረዳም።) አባትየው አካል ጉዳተኛ ነው፤ መንገድ ዳር ዕቃ የሚሸጥ መስሎ ይለምናል። እናትየው ሁለት ቀን ያለፈው ደም ባልታጠበበት አልጋ ላይ ተኝታለች። ዋልድ እናትየውን አጠበች፣ አልጋውን አነጠፈች። የሕክምና ትምህርቱንም በዚያው ተወችው።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረገችው ነው። ከጓደኛዋ ከሜሪ ብሩስተር ጋር እዚያው ሰፈር ገብታ መኖር ጀመረች። በ1895 ባለባንኩ ጄኮብ ሺፍ በሄንሪ ጎዳና የቤት ቁጥር 265 ገዛላት። ነርስ ለመጥራት የሐኪም ወረቀትም ሆነ የሃይማኖት ተቋም ምስክርነት አያስፈልግም፤ ጎረቤት መጥቶ ከተናገረ ይበቃል። ያለው ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፣ የሌለው በነፃ ይታከማል። ሳንቲሟ የታመመው ሰው አንገቱን እንዳይደፋ ነበረች። ነርሶቹ ደረጃ ወርዶ መውጣቱ ቢያደክማቸው ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ይሻገሩ ነበር። በ1913 ቁጥራቸው 92 ደርሷል።

የትምህርት ቤቱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። የከተማው ሐኪሞች ዓይኑ የታመመ፣ ቆዳው የቆሰለ ልጅ ሲያገኙ ወደ ቤቱ ይሰዱታል፤ የሚያክመው ግን የለም። ደንቡ ተከብሯል፣ ልጁ መንገድ ላይ ቀርቷል። እኛ የሕግ ሰዎች ይህን በሽታ በደንብ እናውቀዋለን። በ1902 ዋልድ ሊና ሮጀርስ የተባለች ነርስ ለአንድ ወር ሙከራ አዋሰች። ከክፍል የሚቀሩት ልጆች እያነሱ ሲሄዱ ከተማው ራሱ ነርሶች ቀጠረ።

የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት በመቃወሟ አንዳንድ ለጋሾች ሸሿት። እሷ ግን ሥራውን እስከ 1933 መራች፤ በ1940 አረፈች። የመሠረተችው ድርጅት በ1972 ቤት ላጡ ቤተሰቦች መጠለያ ከፈተ። አዳራሽ ውስጥ አልጋ መደርደሩን ትቶ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን በርና የራሱን ማብሰያ ሰጠው።