ጂኒ ሮበርትሰን፡ የቤተሰባቸውን ዜማ ከመጥፋት የታደጉ ድምፃዊት

በስኮትላንድ የባህላዊ ሙዚቃ ታሪክ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሳ ድምፃውያን አንዷ ጂኒ ሮበርትሰን ናቸው። የተወለዱት በ1908 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ በምትገኘው የአበርዲን ከተማ ነው።

ቤተሰባቸው ተጓዦች ተብሎ ከሚጠራው ማኅበረሰብ የወጣ ነበር። ተጓዦች በፈረስ ጋሪና በድንኳን ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ቆርቆሮ በመሥራት፣ ፈረስ በመነገድና በእርሻ የጉልበት ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ በሌላው ኅብረተሰብ ዘንድ በንቀት ይታዩ ነበር። ሀብታቸው ማታ ማታ እሳት ከበው የሚያዜሙትና የሚተርኩት ነው። ጂኒም አብዛኛውን ዜማ የቀሰሙት ከእናታቸው ከማሪያ አንደበት ነው።

አሜሪካዊው ምሁር ፍራንሲስ ቻይልድ 305 ጥንታዊ ታሪክ ነጋሪ ዘፈኖችን አሰባስበው ከ1882 እስከ 1898 ካሳተሙ ወዲህ፣ ዘፈኖቹ ከሕዝቡ አንደበት እየጠፉ ነው የሚል እምነት በብዙ ምሁራን ዘንድ ሰፍኖ ነበር። በ1953 ግን ገጣሚውና የባህል ተመራማሪው ሃሚሽ ሄንደርሰን የጂኒን ቤት አንኳኩ። ደክሟቸው የነበሩት የቤት እመቤት በሩን ሊዘጉ ሲሉ፣ እንግዳው በ1411 ከአበርዲን ብዙም ሳይርቅ የተካሄደውን የሃርሎው ጦርነት የሚያወሳውን ዘፈን እንደጀመሩ፣ ጂኒም ትክክለኛውን አዜማዜም ሊያሳዩአቸው ወደ ቤት እንዳስገቧቸው ይነገራል። ምሁራኑ በመጽሐፍ ብቻ የቀረ የመሰላቸው ሀብት በአንድ የድሃ ቤት ውስጥ በሕይወት ተገኘ።

ሄንደርሰን ድምፃቸውን ለኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ጥናት ተቋም ቀረጹ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካዊው አለን ሎማክስም ለንደን ውስጥ ቀረጿቸው። ጂኒ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ፣ ዝግ ባለና ግርማ በተላበሰ ድምፅ ያዜሙ ነበር። በተለይም እናት በልጇ ሰይፍ ላይ ያየችውን ደም ምንነት እየደጋገመች ስትጠይቅ፣ ልጁም እየሸሸ ቆይቶ በመጨረሻ ወንድሙን መግደሉን የሚናዘዝበት ሳን ዴቪድ የተሰኘው ዘፈን ከስማቸው ጋር ተቆራኝቷል።

የብሪታኒያ መንግሥት በ1968 የኤም ቢ ኢ የክብር ኒሻን የሸለማቸው ጂኒ፣ በመጋቢት ወር 1975 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በ1969 የመጀመሪያ አልበሟን ያወጣችው ልጃቸው ሊዚ ሂጊንስ፣ የእናቷን ዘፈኖች ከአባቷ የከረጢት ዋሽንት ስልት ጋር አዋሕዳ እስከ ሕልፈቷ 1993 ድረስ አዚማለች። ተረቱን ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ስታንሊ ሮበርትሰን፣ በአበርዲን ዓሣ በመበለት ሥራ እየተዳደረ እስከ 2009 አቆይቶታል።