የሻምበል አበበ ቢቂላ እግሮች

ባለፈው ክረምት ከቡሬ ገጠር በሬ ሳሳድድ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ አስሮ ስድስት ሳምንት አስተኛኝ። ሲፈታ ባቴ ከስቶ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ወንዝ ወርጄ ለመመለስ እንኳ ትንፋሽ አጠረኝ። የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። አድጎ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ፤ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም አሠለጠነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ የማራቶኑን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አንደኛ ወጣ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ደግሞ አሸነፈ።

ለዚህ ሁሉ መንገድ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ምግብን በኦክሲጅን ወደ ጉልበት የሚለውጡ ሚቶኮንድሪያ የተባሉ ጥቃቅን አካላት አሉ። ቤንዳ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1898 ስም ሲያወጣላቸው፣ ክርና ቅንጣት የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጠመ፤ በማይክሮስኮፑ ሁለቱንም መልክ አይቶ ነበርና። በርትቶ የሚሮጥ ሰው ሚቶኮንድሪያ ይበዛል፤ እርስ በርሱም እየተጋጠመ እናቴ እንደምትፈትለው ጥጥ ይረዝማል። ሲጋጠም ያለውን ይካፈላል፣ ጉልበትም በሕዋሱ ውስጥ ቶሎ ይዳረሳል። ጡንቻው ሥራ ሲፈታ ግን ያንሳል፣ ይቆራረጣልም፤ መቆራረጡም በተራው ጡንቻውን ያከሳል። ሥራው መልኩን፣ መልኩም ሥራውን ይለውጣል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ባቴን ደባበስሁት።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ የሚነዳት መኪና ተገለበጠች፤ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ቀረ። የእኔ ባት እስሩ ሲፈታለት ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የእርሱ ግን የአከርካሪው ነርቭ ስለ ተጎዳ ትእዛዝ የሚያደርስለት አልነበረም። ሮማንና ቶኪዮን የረገጡት እግሮች ሥራ ፈቱ።

በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወራት ታከመ። እጆቹ ግን ነበሩት፤ በቀስት ዒላማ መምታት ተማረ፤ በኖርዌይም ውሾች በሚስቡት የበረዶ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። ይህን ከሮማው ድል አላሳንሰውም።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

እኔም አሁን ጧት ጧት በፍኖተ ሰላም መንገድ ላይ እሮጣለሁ። የተሰበረው እግሬ ባት ገና ከሌላው ይቀጥናል።